የፋንታዬ ጠላና የኔ ድርቆሽ

ባለፈው ቅዳሜ የልጅ ልጄ ሊዲያ «እማዬ፣ ዛሬ ሰርፕራይዝ አለኝ» ብላ ከአያት ኮንዶሚኒየም አስነስታ በባቡር መገናኛ፣ ከመገናኛ ደግሞ በታክሲ ቦሌ አደረሰችኝ። ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ባለ አንድ ሕንፃ፣ ጉልበቴ እንደማይታዘዘኝ እያወቀች፣ ደረጃ አስወጥታ በረንዳ ላይ አስቀመጠችኝ። ወንበሩ ከዕቃ መጫኛ እንጨት የተሠራ ነው፤ አምፖሉ በገመድ ተንጠልጥሏል፤ ወጣቱ ሁሉ ከመጠጣቱ በፊት ብርጭቆውን ፎቶ ያነሳል። «እዚህ የሚጠጣው ቢራ ከፋብሪካ የመጣ አይደለም» አለችኝ ሊዲያ። «እዚሁ ነው የሚጠምቁት፤ ከተረፈ ዳቦ፣ ከደረቀ እንጀራ፣ ከፍራፍሬ ልጣጭ። ምንም ዌስት የለም፣ የሚጣል የለም። ሲሪየስሊ እማዬ፣ ትወጂዋለሽ።» በጓዳ በኩል በሩ ተከፈተና ሽታው መጣ፤ የተቆላ እንጀራ፣ ከሥሩ የጌሾ ምሬት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ፀሐይ ላይ የደረቀ የብርቱካን ልጣጭ። ይህን ሽታ የማውቀው ከአንዲት ሴት ቤት ብቻ ነው። አንድ የቆየ ነገር ብድግ አለብኝ። ናፍቆት ነው ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ። ግን ቅናት ነበር፤ ያው የድሮው፣ እኔ ስሸብት አብሮኝ ያልሸበተው።

ያኔ፣ እኔ ወጣት ሳለሁ፣ መገናኛ እንዲህ አልነበረም። ዛሬ ባቡሩ፣ ሚኒባሱና ካልሲ ሻጩ የሚጋፉበት ቦታ ያኔ አብዛኛው ሜዳ ነበር። ጠዋት ጠዋት ከየካ ጋራ የባሕር ዛፍ ቅጠል ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች ሸክማቸውን አሳርፈው ይተነፍሱበታል፤ ክረምት ሲሆን ጭቃው ጫማ ያስቀራል። ቀይና ቢጫውን አውቶቡስ ሳንቲም በመሐረብ ቋጥረን እንጠብቀዋለን፤ ሲመጣም ተጋፍተን ገብተን፣ አንድ እግራችን በር ላይ ቀርቶ እንሄዳለን። ወንዱ ከታች የሰፋ ሱሪ ለብሶ ፀጉሩን ያጎፍራል፤ እኛ ደግሞ ናይለን ሻርፕ እናስራለን። የኔው ቢጫ ነበር፣ ጥግ ጥጉ ላይ ትንንሽ መልሕቅ ያለበት፤ ባሕር አይቼ አላውቅም። ከሾላ ገበያ ብዙም ሳንርቅ ስድስት ቤተሰብ በአንድ ግቢ እንኖር ነበር። ቧንቧው አንድ፣ የልብስ ገመዱ አንድ፣ የእንጨት በሩም አንድ ነው። ገበያ ወርጄ አንድ ጣሳ ጌሾ በስሙኒ ገዝቼ፣ ለግራዋውም ለወይራውም ሳንቲም ሰጥቼ ስመለስ የአውቶቡስ ይተርፈኝ ነበር። አሁን ሊዲያ ለአንድ ብርጭቆ የከፈለችው ያኔ ግቢውን በሙሉ ሳምንት ያጠጣ ነበር።

በዚያ ሰፈር ጠላ ከተባለ አሰገደች ናት ይባል ነበር፤ አሰገደች እኔ ነኝ። ጋኑን በግራዋ አጥቤ፣ በወይራ አጥኜ፣ ጌሾውን ጠንስሼ፣ ገብሱን ጠይም እስኪሆን ቆልቼ ስደፈድፍ የሚያልፍ ሰው ሁሉ በአጥር በኩል «አሰጉ፣ መቼ ነው የሚደርሰው?» ይለኛል። ሠርግ የሚደግስ፣ ክርስትና የሚያነሳ፣ ተዝካር የሚያወጣ ሁሉ መጀመሪያ ወደኔ ነው የሚመጣው። ባለቤቴ መኮንን፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበር፤ ቃል አያባክንም። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሬዲዮኑን መስኮቱ ላይ አድርጎ፣ ጣሳውን አንስቶ ይጎነጭና «ግሩም ነው» ይላል። ሁለት ቃል ነው። እኔም ያችን ሁለት ቃል ለመስማት ሳምንቱን ሙሉ እሠራ ነበር፤ አሁን ስናገረው ያሳፍራል፣ ግን እውነቱ ያ ነው።

ፋንታዬ የመጣችው ገብስ እንደ ወርቅ በጠፋበት፣ ዳቦ በሰልፍ በሚገዛበት ዘመን ነው። የዘመኑን ነገር ሌሎች ጽፈውታል፤ እኔ የማስታውሰው ሰልፉን ነው። በግቢያችን ጥግ ያለችውን አንዲት ክፍል ከባሏ ከለማ ጋር ተከራየች። አንድ ፍራሽ፣ አንድ የቆርቆሮ ሣጥን፣ ከዚያ ደግሞ ሳቋ። ከኔ ጥቂት ዓመት ታንሳለች፤ «እትዬ አሰጉ» ነበር የምትለኝ። ለማ በቦሌ መንገድ አንድ ሆቴል ማድ ቤት ይሠራል። ከሥራ ሲመለስ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር በብብቱ ይዞ ይገባል፤ የዳቦ ቅርፊት፣ የብርቱካን ልጣጭ፣ አንዳንዴ ገላው የጠቆረ ሙዝ። እኛ ለልጅ ይሆናል ብለን ስናስብ ፋንታዬ ልጣጩን ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ታሰጣዋለች፣ ዳቦውን ምጣድ ላይ ታሳርረዋለች፣ ከየቤታችን ከቆሎ የተረፈ፣ ከመሶብ ሥር የቀረ ድርቆሽ ካገኘች አትምርም። እኔ በአጥር ጎን ቆሜ ለዘነቡ «ምስኪን፣ አተላ ጠምቃ ልታጠጣን ነው» አልኳት። ዘነቡ የሰፈራችን ሬዲዮ ናት፤ የነገሯትን በአንድ ቀን ሾላ ታደርሰዋለች። ተሳሳቅን።

ጠላው ሲደርስ ግን የሚስቅ ጠፋ። መልኩ እንደ ኔ ጠላ አልጠቆረም፣ ጠይም ወደ ቀይ የሚወስደው ነው። ሲጠጡት መጀመሪያ የጌሾው ምሬት ይመጣል፣ ከዚያ የተቆላው እንጀራ፣ ከዋጡት በኋላ ደግሞ ብርቱካኑ አፍ ውስጥ ይቀራል። በሁለት ወር ውስጥ በአጥር በኩል የሚጠሩት ስም ተቀየረ። «ፋንታዬ፣ ደረሰ ወይ?» ሆነ። አንድ እሁድ መኮንን ቤት ዘግይቶ ገባ፤ ለማ ዘንድ ቁጭ ብሎ ነበር። ያቀረብኩለትን ጣሳ አንስቶ ጎነጨ፣ አስቀመጠ። «ምነው?» አልኩት። «ደህና ነው» አለ። ግሩም ነው አላለም። ከዚያ ደግሞ እንደ ዋዛ «የፋንታዬ ጠላ እኮ፣ ምኑን እንደምትጨምርበት እንጃ፣ ሰው አያጠግብም» አለኝ። ያን ሌሊት ባሌ ሌላ ሴት አየ ብለው ቢነግሩኝ ከዚያ የበለጠ የምናደድ አይመስለኝም።

ሙያዋን ልስረቅ ብዬም ሞክሬአለሁ። ሾላ ወርጄ ብርቱካን ገዝቼ፣ ልጣጩን እርጥቡን ድፍድፉ ላይ ከተትኩት። ማድረቅ እንዳለበት አልገባኝም፣ መጠየቅ ደግሞ ሞቴ ነው። ከሳምንት በኋላ ስከፍተው እንኳን ሊጠጣ ሊሸተት አልቻለም፤ ጋኔ ራሱ ሦስት ጊዜ በግራዋ ታጥቦ ሽታው አልለቅ አለ። አተላውን ወስዶ ለበጎቹ የሰጠው ጎረቤታችን «አሰጉ፣ በጎቼ ምን አደረጉሽ?» ብሎ ግቢውን አሳቀብኝ። ፋንታዬ አልሳቀችም። በማግስቱ መጥታ በእጇ የደረቀ ልጣጭ አሳየችኝና «እንዲህ ጠንከር ሲል ነው፣ እትዬ» አለችኝ። ብትስቅብኝ ይሻለኝ ነበር።

በዚያው ዓመት ማኅበራችን ገባች። የኪዳነ ምሕረት ጽዋ ነው የምንጠጣው፤ በየወሩ አንዱ ቤት ይደገሳል። ከወሮቹ ሁሉ የሚከበረው የካቲት ነው፤ ተራው በዕጣ ነው የሚለየው፤ እኔ ስንት ዓመት ተመኝቼው አልወጣልኝም። ፋንታዬ ገና በገባች በመጀመሪያው ዕጣ የካቲት ደረሳት። እልል ስንልላት እኔም እልል ብያለሁ፤ ድምፄ ምን እንደሚመስል እንጃ። የካቲት ደግሞ ሁዳዴ ውስጥ ነው። በዓሉ ሊደርስ አንድ ወር ሲቀረው ወደ ቤቴ መጣችና በሩን ገፋ አድርጋ ዘጋችው።

«እትዬ አሰጉ፣ ገብስ አጣሁ» አለችኝ። «ለማ የሚያመጣው የሆቴል ዳቦ አለኝ፤ ግን በሁዳዴ እንዴት አምነዋለሁ? ቅቤ ነክቶት ቢሆንስ? ያንቺ ቤት ድርቆሽ ወጥ ያልነካው፣ ንጹሕ ነው። ካለሽ ስጪኝ፣ ለኪዳነ ምሕረት ነው።»

በስሟ ተጠይቆ እንቢ አይባልም። ንጹሕ መባሉም ደስ አሰኝቶኛል፣ አልደብቅም። ለመንገድና ለክፉ ቀን ያስቀመጥኩት አንድ ጆንያ ድርቆሽ ነበረኝ፤ መኮንን ትከሻው ላይ አድርጎ እስከ ክፍሏ ወሰደላት። በሩ ላይ ስትወጣ ዞር ብላ «ለሰው አትንገሪብኝ፣ እትዬ» አለች። «ተራዋ ሲደርስ ከጎረቤት ድርቆሽ ለመነች እንዳልባል።» እሺ አልኳት። ከዚያ ደግሞ እኔም ጋኑን አጥቤ ጠነሰስኩ። መኮንን ለምን እንደሆነ ሲጠይቀኝ «ምናልባት ቢጎድልባት» አልኩት።

የበዓሉ ቀን ሰው በአንዲት ክፍል ተጨናንቆ፣ የተረፈው ግቢው ውስጥ በአግዳሚ ወንበር ተቀምጦ ነበር። የማኅበሩ አባት ጸሎቱን አድርሰው ባረኩ፣ ጠላው ተቀዳ። የመጀመሪያው ብርጭቆ ሲጠጣ ሰው ሁሉ ዝም አለ። ያንን ዝምታ ጠማቂ ሴት ታውቀዋለች፤ ጠላ ሲያምር ሰው መጀመሪያ አያወራም። እኔም ጠጣሁ። ባዶ እስኪሆን ጠጣሁት። የኔ ድርቆሽ ነው፣ አውቀዋለሁ፣ ግን በኔ እጅ እንዲህ ሆኖ አያውቅም። ዘነቡ ከጎኔ «አሰጉ፣ በሞቴ፣ ይኼ እኮ ካንቺ...» ብላ ጀመረችና ተወችው። ምን ልትል እንደነበር ግልጽ ነው። ያኔ ወደ ጆሮዋ ተጠጋሁና «ከሆቴል በሚመጣው ዳቦ ነው አይደል የምትጠምቀው? የሆቴል ዳቦ ቅቤ አይነካውም?» አልኳት። ነው አላልኩም። ጠየቅኩ ብቻ።

ዘነቡ ብርጭቆዋን አስቀመጠች። አጠገቧ ያለችው አስቀመጠች። ነገሩ ከክፍሉ ወደ ግቢው ሲወጣ አየሁት፤ ብርጭቆ በየተራ መሬት ይነካል። በመጨረሻ አባ ጋ ደረሰ።

«ልጄ፣ ጠላው ከምንድን ነው የተጠመቀው?» አሏት።

«ከድርቆሽ ነው፣ አባቴ። የጾም ድርቆሽ ነው።»

«የቤትሽ ነው?»

ፋንታዬ ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች ቀና ብላ አየችኝ። እኔን ብቻ ነው ያየችው። አንድ ቃል ይበቃ ነበር፤ «የኔ ነው፣ አባቴ፣ እኔ ነኝ የሰጠኋት» ማለት። ነጠላዬ ከትከሻዬ አልወረደም ነበር፤ እኔ ግን ጎንበስ ብዬ አስተካከልኩት።

«ከንጹሕ ቤት ነው» አለች።

«ከማን ቤት?» አለች ዘነቡ።

ፋንታዬ ማንቆርቆሪያውን መሬት አስቀመጠች። አባ ደግ ሰው ናቸው፤ «ማንም አልከሰሰሽም፣ ልጄ። ግን ሰው ከተጠራጠረ ይቅር፣ በውሃም ይከበራል» አሉ። ያኔ ከግቢው አንዱ «አሰጉ ቤት አይጠፋም» ብሎ ጮኸ። አልጠፋም። ጋኑን ከቤቴ ተሸክመው መጡ፣ ተቀዳ፣ ተጠጣ፣ «አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠን ነበር» ተባልኩ። ደስ ብሎኝ ነበር። አሁን አሮጊት ሆኜ መዋሸት አልፈልግም፤ በጣም ደስ ብሎኝ ነበር። ቃሌን ጠበቅኩላት፣ አትንገሪብኝ ብላኝ የለ፣ እያልኩ ቤቴ ገባሁ።

በማግስቱ ፋንታዬ ጠላውን ብቻዋን በእንስራ እየቀዳች ቦዩ ውስጥ ደፋችው። ግቢው ለቀናት ብርቱካን ብርቱካን ሸተተ። መኮንን ደጃፉ ላይ ቆሞ አያትና ገባ። «ያ ድርቆሽ የኛ አልነበረም እንዴ?» አለኝ። «የቱ ድርቆሽ?» አልኩት። ረጅም ጊዜ አየኝ፣ ከዚያ ኮቱን ለብሶ ወጣ። ሠላሳ ዓመት አብሮኝ ኖሯል ከዚያ በኋላ። የሰጠሁትን ይጠጣል፣ ሲያልቅ ጣሳውን ያስቀምጣል። ግሩም ነው ብሎኝ አያውቅም። ፋንታዬና ለማም ክረምቱ ሳይገባ ወደ ገርጂ ቀየሩ። የሄዱ ዕለት ደጃፌ ላይ ጆንያዬን አገኘሁት፤ ታጥቧል፣ ተጣጥፏል።

ይህን ሁሉ በረንዳው ላይ ተቀምጬ ሳስብ ሊዲያ ከቤቱ ባለቤት ጋር ታወራለች፤ ሜሮን የምትባል፣ ፀጉሯን ሽቅብ ያሰረች፣ የልጅ ልጄን ዕድሜ የምታህል ልጅ ናት። «አያቴ ናት ያስተማረችኝ» ትላለች። «ዛሬም ልጣጩን ራሷ ነክታ ካላየችው አታምነንም። ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣለች። ጠብቁ፣ ልጥራት።» ልነሳ አልኩ፤ ጉልበቴ እምቢ አለኝ። ፋንታዬ በጓዳው በር ወጣች። ከሳ ብላለች፣ ግን ቀጥ ብላ ትራመዳለች፤ ከዘራም የላትም። ጥርሷ አለ። ወጣቶቹ «እማማ ፋንታዬ!» እያሉ ከወንበራቸው ብድግ ይላሉ፣ አንዷ አቅፋት ፎቶ ተነሳች። እኔን የአያት ኮንዶሚኒየም ዘበኛ እንኳ በስሜ አይጠራኝም። ቅናቴ ዳዴ እንኳ ሳይል በአንዴ ቆሞ መራመድ ጀመረ።

አወቀችኝ። ጉንጬን ደጋግማ ስማ አጠገቤ ተቀመጠች።

«ትተዋወቃላችሁ እንዴ?» አለች ሜሮን።

«የድሮ ጎረቤቴ ናቸው፣ እትዬ አሰጉ። በሰፈሩ አንደኛ ጠላ ጠማቂ ነበሩ።»

ይኸው ነው ያለችው። ትወቅሰኛለች ብዬ ጠበቅኩ፤ ስለ ልጆቼ ጠየቀችኝ። ታነሳዋለች ብዬ ጠበቅኩ፤ ስለ መኮንን ነፍስ ይማር አለች። የቀረበልኝን ብርጭቆ አልነካሁም። ቢያንስ ብትቆጣኝ እኩል እንሆን ነበር። በመጨረሻ አላስችል አለኝና በልጆቹ ፊት «ያን ቀን ድርቆሹ የኔ ነበር» አልኩ። «ንጹሕ ነበር። እያወቅኩ ነው ዝም ያልኩት። ነገሩንም ለዘነቡ ያነሳሁት እኔ ነኝ።»

«ምን ድርቆሽ?» አለች ሊዲያ። ከዚያ ፊቴን አየችና «ለምን?» አለችኝ።

«ቀንቼ።»

ፋንታዬ ብርጭቆዬን በጣቷ አዞረችው። «ነጠላሽን ስታስተካክዪ ነው ያወቅኩት» አለች። አንቱታውን ትታ እንደ ድሮው። «ተናግሬስ ማን ያምነኝ ነበር? አንቺ የሰፈሩ ሰው፣ እኔ የትናንት ተከራይ። ለማ ሁለተኛ ጋን ቤቴ እንዳላይ አለኝ። ልጄ ተድራ እስክትወልድ ጌሾ አልነካሁም። ብዙ ተናድጄብሻለሁ፣ እትዬ፤ ከዚያ ደከመኝ።» ብርጭቆውን ወደኔ ገፋ አደረገችው። «አንድ ነገር ግን እስከዛሬ ይከነክነኛል።»

«ምን?»

«ብርጭቆሽን አይቻለሁ። ጥርግ አድርገሽ ነበር የጠጣሽው። ሰው ሁሉ ትቶት ሲደፋ ከቀመሱት ማንንም ልጠይቅ አልቻልኩም። እንዴት ነበር?»

ድርቆሹ የኔ ነበር ማለት ቀላል ሆኖ አገኘሁት። የከበደኝ ይኼኛው ነው። መኮንንም የፋንታዬን ጠላ ሳወድስ ሳይሰማ ሞቷል። ብርጭቆዬን አንስቼ ጎነጨሁ፤ ምሬቱ፣ እንጀራው፣ ከዚያ ብርቱካኑ፣ አንድም አልተለወጠም።

«ግሩም ነበር» አልኳት። ዓይኗን አልነቀለችም። «ከኔ ይበልጥ ነበር» አልኩ።

ፋንታዬ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች፣ ከዚያ ያ ግቢያችንን የሞላው ሳቋ መጣ። «ሜሮን፣ ለእትዬ አሰጉ ድገሚላቸው» አለች። ስንለያይም እጄን ይዛ «ቤትሽ ድርቆሽ አይጠፋም መቼም?» ብላ ጠየቀችኝ።

አይጠፋም። ይኸው ሳምንቱን ሙሉ አያት አምስተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ወጥ ያልነካው እንጀራ እየቆራረስኩ አሰጣለሁ፤ ልጄ እርግቡን አመጣሽብን እያለች ታጉረመርማለች። ቅዳሜ ለፋንታዬ የምወስደው አንድ ፌስታል ሞልቷል። ሁለተኛው ፌስታል የኔ ነው። አልጋዬ አጠገብ ባለው ክዳን ያለው ባልዲ ውስጥ ጌሾ ጠንስሻለሁ፣ የብርቱካኑ ልጣጭም መስኮቱ ላይ ነው፣ በዚህ ጊዜ በደንብ እስኪጠነክር እጠብቃለሁ። ሲደርስ የመጀመሪያውን ብርጭቆ ለሷ ነው የምቀዳው። ከዚያ ፊት ለፊቷ ተቀምጬ ምን እንደምትል እሰማለሁ።